ውክልና

ኮዬ ፈጬ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ፑሚስ የጫነ ሲኖ የተኛ አቧራ ሲያነቃ፣
ሁለት ሆነን ነበር፣ ባንድ ማሽን ዕዳ፤
እኔ አሸዋ ስነፋ፣ እሱ ውኃ ሲቀዳ።

ምትኬ ነው ስሙ፣ እናቱ ያወጣችው፣
በሞተው ወንድሙ ፋንታ የተካችው።
የኔዋ እናት ታማ፣ ጠበል ልወስዳት ስል፣
ውክልና ሰጠሁት፤ «እስክመለስ እኔን ምሰል።»
ጸሐፊዋ ጠየቀች፦ «መሸጥ መለወጥንም?»
«ይጨምር» አልኳት በሳቅ፣ ሳልሰማ፣ ሳላነብም።

በአርባ ቀኔ ብመለስ ቆርቆሮው ተነቅሏል፤
ማሽኑ የቆመበት አራት ማዕዘን ቀርቷል፣
መሬቱ ላይ ዘይት፣ ጥቁር ዓይን የመሰለ፣
ቀና ብሎ የሚያየኝ፣ «ወዴት ነበርክ?» ያለ።
ዘበኛው ኦቦ ጉርሜሳ ዱላውን ተደግፎ፣
«ወረቀትህን አሳየኝ፤ ምን ልበል?» አለኝ፣ ዓይኑን አሳልፎ።

ሌባ ቢሆን ኖሮ ውሻዬ ይጮህ ነበር፤
የቤት ሰው ነውና ምን ብሎ ይናገር?
በሃያ አንድ የምንጠጣው የማርያም ጽዋ
ከቤቱ ተቆልፎ ቀረ፤
ተረኛው እሱ ነበር፣ ያ ጨዋ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ መብራት ሄዶ፣ በጧፍ፣
የጸሎት መጽሐፌን ገለጥኩ፤
መቶ ስምንተኛውን፣ የእርግማኑን ጫፍ።
ሹክ ይባላል በሰፈር፦ ሰባት ሌሊት የደገመ ሰው፣
የጠላቱ መርዶ ነው በስምንተኛው የሚደርሰው።
ሁለት ሌሊት ደገምኩ፤ ድምፄ እንደ ጠጠር።
በሦስተኛው፣ ልጆቹ ላይ ስደርስ፣
ምላሴ ቆመ ከጥርሴ አጥር።

ልጆቹ ማን ናቸው? አንዲት ናት ያለችው፤
ክርስትና ያነሳኋት፣
በሰማንያ ቀኗ እቅፌ ላይ ያለቀሰችው፣
ማተቧን ያሰርኩላት፣ ስሟን ከቄሱ አፍ የሰማሁት፣
ወለተ ሐና ብዬ ከልቤ ያኖርኩት።
«አባባ ብሎኬት» እያለች ምትጠራኝ፣
የሷን ቤት አፍርሼ የቱ ጠበል ያንጻኝ?

መጽሐፉን ዘጋሁት። ጧፉም አለቀ።
ጨለማው ውስጥ ቂሜ እንደ ፍም ደመቀ።

ከዚያ ወዲህ ጸሎቴ አንካሳ ነው።
አባታችን ሆይ ብዬ ደህና እጀምራለሁ፤
የዕለት እንጀራው ላይ ስደርስ እፈጥናለሁ፤
ያችን «እኛም» የምትለዋን መስመር፣
እንደ ኮዬ የክረምት ጭቃ፣
ልብሴን ሰብስቤ ዘልዬ አልፋታለሁ።
ሦስት ወር ሙሉ ሰማኝ፣ ያቺ መስመር ስትቀርበት።
አልተቆጣም። አልጠራኝም።
ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ እዚያው፣ ከዘለልኩበት።

ጸሎተ ሐሙስ ማታ፣ ቄሱ እግሬን ሲያጥቡ፣
ታየኝ ያ ጌታ፣ ውኃ ይዞ ዝቅ ሲል፣
ካንዱ እግር ፊት፣ እያወቀ ልቡ፤
ለዋጋ ሄዶ የመጣ፣ አቧራው ያልተራገፈ።
ያንንም አጠበው።
ውኃውን አልቀየረ፤ ተራውን አላለፈ።

በትንሣኤው ዋዜማ፣ በቅዳሴ የሚታሰብ
ስም ልጽፍ ብዬ፣ ከልጄ ደብተር ወረቀት ቀደድኩ።
እናቴን አስቀደምኩ። ከሷ ሥር ወለተ ሐናን።
ከዚያ እጄ እምቢ አለ። የእስክሪብቶውን ጫፍ ነከስኩ።
ኃይለ ሚካኤል...
በትንሽ ፊደል ጻፍኩት፣ እንዳያዩብኝ ያህል፤
ጻፍኩና ተነፈስኩ።
ያው የፈረመው እጄ ነው፤ ያው ቀኝ፣ ያው ጣት።
ይቅር አልኩት አልልም። ስሙን ግን ጠራሁት፣ ከፊትህ፣ በዚያች ሰዓት።

ክሱን አልተውኩትም፤ ቀጠሮው ረቡዕ ነው፤
ሲሚንቶው የበላው የእናቴ መታከሚያ ነው፤ ፍርድ ቤት ይየው።
ልቤን ግን፣ ጌታዬ፣
እኔ ላስተዳድረው ሞክሬ አቅቶኛል፤
ላንተ ወክያለሁ።
መሸጥ መለወጥንም ይጨምር።
ዛሬ አንብቤዋለሁ።